በሞተር የመጣ ጆሮ

ማክሰኞ

ሞተረኛው ታች ቆሞ ስድስት ጊዜ ደውሏል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ስትንቀጠቀጥ ያየኋት በሰባተኛው ነው። ወርጄ ስቀበለው አፉን አየሁት። ሰደበኝ። መስማት ካቃተኝ ወዲህ ስድብን ከከንፈር በማንበብ የሚያህለኝ የለም።

ካርቶኑ ውስጥ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት የጆሮ ማዳመጫዎች፣ ቻርጅ የሚደረጉበት ሳጥን፣ ሦስት ዓይነት የጎማ ጫፍና በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ መመሪያ። ልጄ ምሕረት ናት ኢንተርኔት ላይ አይታ ያዘዘችው። ሳትጠይቀኝ። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ሸበቶ ፈረንጅ ማዳመጫውን አድርጋ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትስቃለች። እኔ የልጅ ልጅ የለኝም። የሚያስቀኝም የለም።

ጆሮዬን የበላው ፋብሪካ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሽመና ክፍል። ጡረታዬን ሰጡኝ፣ ጆሮዬን አስቀሩት።

ምሕረት ለምን እንደቸኮለች አውቃለሁ። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። የናትናኤል ሰዎች ናቸው። ናትናኤል ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ጎፋ ተከራይቶ ይኖራል፤ ከምሕረት ጋር አንድ መዘምራን ውስጥ ያገለግላሉ። ልጁን እወደዋለሁ። ሲያናግረኝ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው። ምሕረት ግን እንዳላሳፍራት ትሰጋለች። አልፈርድባትም። በቀደም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት እህት "ወንድሜ ሞተ" ስትለኝ "ወንድሜ መጣ" ያለችኝ መስሎኝ "እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!" ብዬ አገላብጬ ሳምኳት።

ረቡዕ

ጠዋት አደረግኳቸው።

የሚያጮኹት፦ ፌስታል። ቧንቧ። ማንኪያ። የላይኛው ፎቅ ወንበር። የራሴ ጥርስ፤ ዳቦ ሳኝክ ፈረስ ገብስ ሲቆረጥም ነው የሚመስለው። ፍሪጁ ለካ ያጉረመርማል። ስንት ዓመት ሲያማኝ ኖሯል።

የማያጮኹት፦ ሰው።

አንገቴን ሳዞር ደግሞ ጲጥ ይላሉ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "መካኒሳ! መካኒሳ! አንድ ሰው!" ሲል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ የተጣራ መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ስታናግረኝ ግን አፏ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንደገና ጲጥ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔም ስልኬን አወጣሁና እንደነሱ አየሁ። ሳልደርስ ወረድኩ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ ማዳመጫዎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ።

ምሕረት ማታ "እንዴት ነው እማ?" አለችኝ። "አንቺ አድርጊው" አልኳት።

ሐሙስ

ቀኙ ሞተ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሮ ትንሽ መብራት እንኳ አያሳይም።

ለሻጩ በጽሑፍ ላክሁለት። ለማይሰማ ሰው ዕቃ የሚሸጥ ሰው በድምፅ መልሶ ላከልኝ! ምሕረት አዳምጣ ጻፈችልኝ፦ "ይለመዳል እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ።" እማማ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይለወጥልኝ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አይመልስም። ዘግቶኛል። የሱ እናት ጆሮዋ ይደፈን አልልም፤ ክርስቲያን ነኝ። ግን አስቤዋለሁ።

አመሻሽ ላይ በንዴት የግራውን ጎማ በትንሹ ቀይሬ ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ምሕረት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች። እያንጎራጎረች ነበር። ሰማኋት። ቃሉን አልያዝኩም፣ ዜማውን ግን ሰማሁ። ድምጿ ወፍሯል። የማውቀው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር፤ አሁን ሠላሳ ልትደፍን ነው።

አልነገርኳትም። ያ ዕቃ እንዲመሰገን አልፈልግም።

ዓርብ

ቦጋለ መጣ። የሟቹ ባሌ የታደሰ ታላቅ ወንድም ነው። በአፌ ጋሽ ቦጋለ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ቦጋለ ነው።

ታደሰ ከሞተ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚወሰነውን የሚወስነው እሱ ነው። መጀመሪያ ሐዘን ላይ ነበርኩና ተውኩለት። በኋላ ደግሞ መስማት አቃተኝና ተዉኝ።

የግራው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ሻሼ ሸፍኖታል። ሦስታችን ብቻ ነን፤ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ቦጋለ እንደ ልማዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እኔን ትቶ ከምሕረት ጋር ያወራል። አንዳንዱ ቃል ይቆራረጣል፣ አብዛኛው ግን ገባኝ።

"እናትሽ ሰላም ብላቸው ትግባ" አለ። "ጓዳ ትሁን። ሰዎቹ አንድ ሲሏት ሌላ መልሳ ታዋርደናለች።"

ምሕረት መሬት መሬት አየች።

"መልሱን እኔ እሰጣለሁ። ቤት እንኳ የሌለውን ልጅ ደግሞ በአንድ ቀን አንሰጥም። ይመላለሱ።"

ልጄን ጠበቅኳት። ብዙ ጠበቅኳት።

"እሺ፣ ጋሼ" አለች።

ቦጋለ ሲወጣ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ "በርቺ እሺ! ጌታ ይርዳሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። ማዳመጫው አንጎሌ ውስጥ ሚስማር መታብኝ። "አሜን" አልኩ።

ቅዳሜ

ምሕረት "እማ፣ ቁርስ" ትላለች። እኔ አልሰማም። በማዳመጫም ቢሆን አልሰማም።

እስከ ስድስት ሰዓት እንዲህ ዋልን። መጨረሻ ላይ መጋረጃ ስንሰቅል አፈነዳሁት። "ጓዳ የምገባው ሽሮ ላማስል ነው ወይስ ልደበቅ?" አልኳት። ከወንበሩ ላይ ልትወድቅ ነበር።

ትክዳለች ብዬ ነበር። አልካደችም።

"እሺ ብያለሁ" አለች። ቀስ ብላ፣ ፊት ለፊት እያየችኝ፣ ቃሉን አንድ በአንድ። "ሲስቁብሽ ማየት ስለማልችል ነው። አንቺ አትሰሚያቸውም እማ። ዘመድ ቤት ስንሄድ ከኋላሽ የሚሉሽን የምሰማው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ።"

እኔ ምን መለስኩ? "እንኳን ለኔ ልትቆሚ፣ ለራስሽም መቆም አቅቶሽ ነው ሰዎቹ እንዲመላለሱ የተፈረደባቸው" አልኳት። አለቀሰች። አላባበልኳትም። መጋረጃውን ብቻዬን ሰቀልኩ፤ ተንጋዷል፤ ተወው።

ከኋላዬ ምን እንደሚሉኝ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ፈራሁ።

እሑድ

አራት ሽማግሌዎች። ቦጋለና ሁለት የታደሰ ዘመዶች። ምሕረት መኝታ ቤት። እኔ ሰላም አልኳቸውና፣ ቦጋለ በዓይኑ ጓዳውን ሲያሳየኝ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዓይኑ ደገመልኝ። መጋረጃውን አየሁ።

የግራውን አድርጌዋለሁ። ሐሙስ ማታ የሠራ፣ ዓርብ የሠራ ዕቃ! ዘጠኝ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ግን ምን ይሆናል? ወንበር ይንቋቋል። ሳል። የለስላሳ ጠርሙስ። ሰባት ወንድ በአንድ ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሽማግሌዎቹ ቆመው የመጡበትን መናገር ሲጀምሩ የምሰማው ጎርፍ ብቻ ነው። ጎንበስ አልኩ። ጲጥ አለ። አንደኛው ሽማግሌ ንግግሩን አቋርጦ ኪሱን ዳበሰ። ከታደሰ ዘመዶች አንዱ ፈገግ ሲል አየሁት። ምሕረት የምታየው ይሄን ነው ለካ።

ቦጋለ መለሰላቸው። ረጅም ነበር። እጁን ዘረጋ፣ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታላቁ፣ ባለ ከዘራው፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ለመነሣት ተዘጋጁ። ልጄ ተጠይቃ፣ ተመልሶላት፣ ሰዎቹ ሊሄዱ ነው። እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ማዳመጫውን ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"ቆዩ" አልኩ። ምን ያህል እንደጮኽኩ አላውቅም፤ ሁሉም ዞሩ። "እኔ እናቷ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም። ያላችሁትን አልሰማሁም። አንዳችሁ ቀርባችሁ ንገሩኝ።"

ይህን ቃል በሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም። ስንት ዓመት "እህ"፣ "አዎ"፣ "ልክ ነው" እያልኩ ኖሬያለሁ።

ቦጋለ እጁን እያወናጨፈ እነሱን ሊሸኝ፣ እኔን ዝም ሊያሰኝ ሞከረ። ባለ ከዘራው ግን ወንበሩን እየጎተቱ መጡ። ጉልበታቸው ጉልበቴን ሊነካ እስኪደርስ ቀርበው ተቀመጡ። አፋቸውን አየሁ።

"እህቴ፣ ልጅሽን ምሕረትን ለልጃችን ለናትናኤል እንድትሰጪን ነው የመጣነው።"

"ምን ተባላችሁ?"

ወደ ቦጋለ አንዴ አዩ። "የአባቷ ቤተሰብ እስኪመክር ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ ተብለናል።"

"አባቷ ሞቷል" አልኳቸው። "ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የመከርኩትም እኔ ነኝ። ሰጥቻችኋለሁ።"

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። በወጉ መውጣት አልነበረባትም፤ ወጣች። ቦጋለ ተነሥቶ ጣቱን እየቀሰረብኝ ብዙ ተናገረ። ፊቱ ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። በሩን ከኋላው ሲያላትመው ግድግዳው ሲነዝር በጀርባዬ ተሰማኝ።

ምን እንዳለኝ አልሰማሁም። ማንም እንዲደግምልኝ አልጠየቅሁም።

ሰኞ

የመንግሥት ሆስፒታል፣ ጆሮ ክፍል። ከምሕረት ጋር በጠዋት ሄደን ተሰለፍን። ገና በደንብ አልታረቅንም። ትናንት አቅፋኝ ነበር፤ "እሺ፣ ጋሼ" ያለችውን ግን እስካሁን አልተውኩላትም። ታክሲ ውስጥ በግራዬ በኩል መጥታ ተቀመጠች። አየኋት።

የቦጋለ ሚስት ጠዋት ለምሕረት ደውላ ሠርጉ ላይ እንደማይገኙ ነግራታለች። የታደሰ ቤተሰብ ግማሹ ላይመጣ ይችላል። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልክ ሠርቼ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ባለሙያዋ ማዳመጫውን አገላብጣ አይታ "ይሄ ድምፅ ማጉያ ነው እናቴ፤ ሁሉንም እኩል ነው የሚያጮኸው። መጀመሪያ ጆሮዎ መለካት አለበት" አለችኝ። ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገባችኝ፤ ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ። እጄ ላይ መጫኛ ሰጠችኝ። ድምፅ ሲሰሙ ይጫኑ።

ተጫንኩ። ጠበቅኩ። ተጫንኩ። መስማቴን ሳላውቅ ተጫንኩ። ላቤ መጣ።

በሩን ከፍታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "አንዳንዴ ምንም ሳልልክ ነው የሚጫኑት" አለችኝ።

"እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው" አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። "ቢያመልጥዎ ችግር የለውም። ያልሰሙትን አልሰማሁም ማለት ነው የሚጠቅመኝ" ብላ መጫኛውን እጄ ላይ አስተካከለችልኝ። በሩ ተዘጋ። እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ብዙ አልተጫንኩም።