የመንገዱ ዘፈን

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ተክለማርያም፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያ ትከሻዎን የሚወጋዎት ነገር ተሻለዎት? ማሲንቆ ለመያዝስ በቁ? የእማማ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ይህን የሚያደርስልኝ ነጋዴ ሊነሳ ስለሆነ የምጽፈው እየተጣደፍኩ ነው።

ዲላ እንደደረስኩ በአክስቴ በእታገኝ ጠጅ ቤት የእርስዎን ዘፈኖች ስዘፍን ከረምኩ። ሰው ወደደልኝ። እያደር ግን ይህ ብቻ አልበቃኝ አለና ሳላስፈቅድዎ የራሴን ግጥም ማውጣት ጀመርኩ። አይቆጡኝ፤ የእርስዎ ልጅ ሆኜ ግጥም አለማውጣት እንዴት ይሆንልኛል?

በኅዳር ጣሊያኖች ያስቆፈሩት መንገድ ሲመረቅ፣ ሹማቸው «ዘፋኟ መጥታ ታወድሰን» ብሎ አስጠራኝ። እምቢ ብል የአክስቴን ቤት ሊዘጉባት ነው። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን እንደያዙ ቆመዋል። እንዲህ አልኩ፦

መንገዱ ተጠርጎ ይኸው ለኛ ቀና፣
የመጣው በሱ ላይ ይመለሳልና።

ቆፋሪዎቹ ገባቸው፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ አቀረቀሩ። አስተርጓሚው፣ ስሙን አልጽፈውም፣ ፊቱ አመድ መስሎ አየኝና «ነጋዴ በሰላም መጥቶ በሰላም ይመለሳል ነው የምትለው» አለላቸው። ሹሙ አጨበጨበ። ይባስ ብሎም በየእሑዱ ሰፈራቸው እየሄድኩ ያንኑ እንድዘፍንለት አዘዘ! አስተርጓሚው መንገድ ላይ ጠብቆኝ «እህቴ፣ ዛሬ አጣምሜ አወጣሁሽ። እኔ በሌለሁበት ቀን ሌላ ቢያስተረጉምስ? ለሁለታችንም ገመድ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን ተከትዬ ወደ ደጋው፣ ወደ ቡሌ ወጣሁ። አክስቴ ተጠርታ ስትጠየቅ «ታማ አገሯ ገባች» ብላ ተገላግላለች። እዚህም ቢሆን ብዙ የምቆይ አይመስለኝም፤ ፈረስ ሲመጣ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ደግሞ ምን ገጠመኝ መሰለዎት! ያስጠጋችኝ የጌዴኦ ሴት እንሰት እየፋቀች ስታንጎራጉር ጠጋ ብዬ ብሰማ የእኔው ግጥም ነው። ቆፋሪዎቹ ይዘውት መጥተው ኖሯል። ዜማውን ወደ አገሯ ዜማ አዙራ፣ መጨረሻውን «መቼ ይመለሳል?» አድርጋዋለች። እኔ እንደማውቀው አብሬያት ብጀምር «ተሳሳትሽ፣ እንዲህ አይደለም» አለችኝ። የኔ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። የእሷ በልጦብኛል፤ «እሺ አስተምሪኝ» ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። እህቴን ወለላን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ለዘፈን ድምፅዋ ወጣ? ወንድሜን ጉግሳን፣ የማያውቀው ሰው ባለበት እንዳይዘፍን አደራ ይበሉልኝ። ይህንንም አንብበው ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጣሉት።

ልጅዎ አሰገደች

ቡሌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1931 ዓ.ም.