ለኮንፈረንስ ስም ያልተንበረከኩት አሠልጣኝ ቬርና ታኬት

አሠልጣኝ ቬርና ታኬት ከአባታቸው ከአቶ ኦርቪል ራትሊፍ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤተል ራትሊፍ በምሥራቅ ኬንታኪ፣ ላውረል ፎርክ በተባለው ሸለቆ መጋቢት 11 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። አባታቸው ከሰል ቆፋሪ፣ እናታቸው የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ላውረል ፎርክ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። በዚያ ዘመን በኬንታኪ ትምህርት ቤቶች ለሴት ልጆች የቅርጫት ኳስ ቡድን አልነበረም። ቬርና ግን ወንድሞቻቸው ጎተራው ላይ በቸነከሩት የበርሜል ቀለበት እየተጋፉ ተጫውተው አደጉ፤ ሁለት ጊዜም አፍንጫቸው ተሰበረ። እናታቸው ኳሱን ቢደብቁባቸው የወንድማቸውን ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው መወርወራቸውን ቀጠሉ።

በ1970 በስፖርት መምህርነት ተመረቁ። በ1972 ከአቶ ድዋይት ታኬት ጋር በሕግ ጋብቻ ፈጽመው ሎውል እና ጂኒ የተባሉ ሁለት ልጆችን አፍርተዋል። አቶ ድዋይት የአውቶቡስ ሾፌር ስለነበሩ ባለቤታቸው በ1979 የሄዝል ፎርክ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ሲሆኑ የቡድኑን አውቶቡስ እርሳቸው ያዙ፤ ጡረታ እስኪወጡም መሪውን ለማንም አልሰጡም።

የአሠልጣኝ ቬርናን ሕይወት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ኮሌጆች ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ተሰባስበው እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ስመ ጥር ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ኮሌጅ ተጫዋች ሲመለምል ግማሹን ሥራ ስሙ ይሠራለታል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ጋዜጣው፣ የሚሞላው አዳራሽ ሁሉ ከስሙ ጋር ይመጣል። የሄዝል ፎርክን ኮንፈረንስ ስም ግን ከሁለት ሸለቆ ማዶ የሚያውቀው አልነበረም። አሠልጣኝ ቬርና የሚጽፏቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ መልስ አላገኙም።

በ1986 መኸር ላይ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ኦፓል ስሎንን ልጅ ሮንዳን ለመመልመል ሄዱ። ሮንዳ አንድ ሜትር ከዘጠና የምትረዝም፣ እጇ ፈጣን ልጅ ነበረች። ከአንድ ቀን በፊት የአንድ ታላቅ ኮንፈረንስ ሰው ለሻምፒዮኖች የሚሰጠውን ቀለበት አጥልቆ፣ የቴሌቪዥን ጨዋታ ቅጂ ይዞ መጥቶ ነበር። የሰውየውን ስም አሠልጣኝ ቬርና ዕድሜ ልካቸውን ስላልጠሩት እዚህም አይጠራም።

ወይዘሮ ኦፓል ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቅርበው ሲያበቁ በቀጥታ ጠየቁ።

«ቬርና፣ አንድ ወንዝ ጠጥተን ነው ያደግነው፤ እንዳትዋሺኝ። የእናንተ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይታያል?»

«አይታይም» አሉ አሠልጣኝ ቬርና። «እዚያ ይታያል፤ ልጅሽ ግን ሁለት ዓመት ወንበር ስታሞቅ ነው የምትታየው። እኔ ጋ በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ትገባለች።»

ሮንዳ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ፣ «ኮች፣ የእነሱን ኮንፈረንስ ስጠራ ትምህርት ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የእናንተን ስጠራ ‹እሱ ደግሞ ምንድን ነው?› ይሉኛል» አለቻቸው።

ሮንዳ ወደ ታላቁ ኮንፈረንስ ሄደች። አሠልጣኝ ቬርና ቤት ከደረሱ በኋላ ልጅቷ ልክ እንደሆነች፣ እርሳቸውም በእርሷ ዕድሜ ቢሆኑ እንደሚሄዱ ለባለቤታቸው ነገሩ። «ልክነቷን አውቃለሁ፤ አሜን ብዬ ግን አልቀመጥም» አሉ።

አልተቀመጡምም። ከዚያ ወዲህ ስም ያላቸው መልማዮች የማይረግጡትን መንገድ ያዙ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሲጫወቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በከሰል ሠራተኞች መንደር ሜዳ ተገኙ። ቁመት አነሳት ተብላ የተባረረችውን፣ ዘግይታ ያደገችውን፣ አባቷ ማዕድን ውስጥ ሞቶባት ትምህርት ልታቋርጥ የደረሰችውን ሰበሰቡ። «እነሱ ስም ይመለምላሉ፤ እኔ እግር እመለምላለሁ» ይሉ ነበር።

በ1988 ክረምት የሮንዳ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ያ ኮሌጅ የነጻ ትምህርት ዕድሏን እንደማያድስላት በደብዳቤ አስታወቃት። አሠልጣኝ ቬርና ወሬውን ከወይዘሮ ኦፓል እንደሰሙ፣ ማንም ሳይልካቸው ስድስት ሰዓት ነድተው ሮንዳን ከነሻንጣዋ አመጧት። የሄዝል ፎርክ ፕሬዚዳንት ግን አንካሳ ተጫዋች በነጻ ማስተማር እንደማይቻል፣ ልጅቷም ቀድሞ ኮሌጁን ንቃ እንደሄደች ገለጹ። አሠልጣኝ ቬርና ቆመው መለሱ፦

«እነሱ የፈለጉት ጉልበቷን ነው። እኔ የምፈልገው እሷን ነው። እሷን ካልተቀበሉ ነገ አሠልጣኝም ይፈልጉ።»

ፕሬዚዳንቱ ሦስት ቀን አስበው ፈቀዱ። ሮንዳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትጫወት ተማረች፤ በቀጣዩ ዓመት ጉልበቷ ላይ የብረት ማሠሪያ አድርጋ ሜዳ ገባች።

በመጋቢት 1991 ሄዝል ፎርክ የኮንፈረንሱን ዋንጫ አንሥቶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገር አቀፉ ውድድር አለፈ። የደረሰው ተጋጣሚም የአንድ ታላቅ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ነበር። አራት ደቂቃ እስኪቀር ድረስ ሲመሩ ቆይተው 63 ለ 60 ተሸነፉ። ከጨዋታው በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ይህን ያህል መቅረባቸው ያኮራቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። «ለመቅረብ የመጣሁ መሰለህ እንዴ? ለማሸነፍ መጥተን ተሸነፍን። ተመልሰን እንመጣለን» አሉት።

በሚቀጥለው ዓመት አልሆነም። በ1993 ግን ተመልሰው በመጀመሪያው ዙር ከሌላ ታላቅ ኮንፈረንስ የመጣ ቡድን 71 ለ 66 አሸነፉ። በማግሥቱ አንድ ባለ ስም ዩኒቨርሲቲ የዋና አሠልጣኝነት ቦታ አቀረበላቸው። ከየሸለቆው የሚለቅሟቸውን ዓይነት ልጆች ይዘው መምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። በዚያ ኮንፈረንስ ስም እንዲህ ያሉ ልጆች እንደማያስፈልጓቸው ተነገራቸው። አመስግነው ስልኩን ዘጉ፤ ልምምድም በሰዓቱ ጀመሩ።

በ2012 በጡረታ ተሰናበቱ። 418 ጊዜ አሸንፈው 307 ጊዜ ተሸንፈዋል፤ ሽንፈቱም ይቆጠር ብለው አዝዘዋል። ካሠለጠኗቸው ልጆች ትምህርቷን ሳትጨርስ የቀረች አንድም የለችም። ባለቤታቸውን አቶ ድዋይትን በ2016 በሞት ተነጥቀዋል።

በ2023 የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ስድስት ወር ሲሰጧቸው አሥራ ስምንት ወር ኖሩ። በሕመማቸው ጊዜ የእህታቸው ልጅ ካሮል አን ይህን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ጀምራ አነበበችላቸው። «ትንሿ ኮሌጃችን» የሚል ሐረግ ላይ ስትደርስ አስቆሟት። መነጽርና እስክሪብቶ አስመጥተው «ትንሿ» የሚለውን ሰረዙ። ምክንያቱን ስትጠይቃቸው፣ «ውሸት ነዋ» አሏት። እዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከል ግማሾቻችሁ ከዚያ ኮሌጅ ወጥታችሁ መምህር፣ ነርስና አሠልጣኝ ሆናችኋልና ቃሉ እንደ ተሰረዘ ታትሟል።

አሠልጣኝ ቬርና ኅዳር 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ76 ዓመታቸው በገዛ ቤታቸው ዐርፈዋል። ልጆቻቸውን ሎውልንና ጂኒን፣ አምስት የልጅ ልጆችን እንዲሁም እህታቸውን ወይዘሮ ፍሪዳን ትተው አልፈዋል። ሬሳ ሳጥናቸውን ከሚሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዷ ዛሬ የላውረል ፎርክ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሆኑት ወይዘሮ ሮንዳ ስሎን ናቸው። ጉልበታቸው ዛሬም ያማቸዋል፤ ሌላ ሰው ይተካ ቢባሉ አልተስማሙም።

ሰውን ከየት መጣህ ሳይል በስሙ የሚጠራ እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ በደስታ ይቀበልልን። ለልጆቻቸውና ላሳደጓቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥ፤ አንገታችንንም ሳንደፋ ወደ መቃብራቸው ያድርሰን። አሜን።