በጥላ ያደገ ሻይ

ኢብሮ ወንድሜ፣

ክረምቱ ሲወጣ እቆርጣቸዋለሁ ያልከኝን፣ ውሽውሽ ላለው የሻይ ማሳህ ጥላ የሆኑትን የዋንዛ ዛፎች እያሰብኩ ነው የምጽፍልህ። ሲያትል ጭጋግ ውስጥ ናት፤ ውሃውና ሰማዩ አይለዩም። እህቴ ማንአልሞሽ ሌክ ሲቲ ሰፈር ወዳለው የአንዲት ጃፓናዊት አዛውንት ሻይ ቤት ወሰደችኝ። ሴትየዋ ሦስት አረንጓዴ ሻይ አቀረቡልን፤ ተክሉ አንድ፣ የበቀለበት የጃፓን ክፍለ አገር ሦስት። የካጎሺማው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የበቀለ ነው፤ አፍ ይሞላል። የሺዙኦካው የተራራ ጉም ያሳደገው ነው፤ ጥርት ብሎ ምላስ ይቆነጥጣል።

ማንአልሞሽ ሻዩ የተዘፈዘፈበት ለብ ያለ ውሃ አልጣማትም። «ታዲያ፣ ሳይፈላ ሻይ ይባላል?» ብላ የፈላ ውሃ አስመጥታ ቀዳችበት። እሬት ሆነ። ሴትየዋ «ቅጠሉን ቀቀልሽው!» ብለው ሳቁባት።

ሦስተኛው የኡጂ ነው። ከመለቀሙ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል ከፀሐይ ይጋርዱታል፤ ሆን ብለው። ምሬቱ ጠፍቶ እንደ መረቅ ለስልሶ ይወርዳል። ጣዕሙ ጉሮሮዬ ላይ ሲቆይ መስኮቱ ማዶ ያለው ጭጋግ ያንተ ማሳ መሰለኝ፤ ዛፎቹ እንደቆሙ ነበሩ።

ጥላ ምርት ይቀንሳል ማለትህ ልክ ነው፤ ሴትየዋም አልካዱም። «ቅጠሉ ያንሳል፤ ቸኩሎ ያደገ ግን ይህን ጣዕም አይሰጥም» አሉኝ። ያንተ ይሰጥ እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ለብቻው ልቀምና ጥቁር ሻይ ሳታደርገው አረንጓዴውን እንዳለ አድርቀው፤ ስመለስ ቀምሰን እንወስን።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፣ ዳር ዳሩን እየጻፍኩ ነው። ልጆቹን ሳምልኝ። ባለቤትህን ሽቱንም ሰላም በልልኝ፤ እስክመጣ መጋዙን ትደብቀው።

ክፍሌ