ሚዛኑ ያንቺን ቃል ደገመ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ መሀል ላይ ማረፍሽን ተውሽ ወይስ አሁንም ታርፊያለሽ? እንቅልፍሽስ ተመለሰልሽ? አዲሱ መነጽር ከተስማማሽ ይህን ራስሽ ታነቢዋለሽ፤ ካልተስማማሽ ለእትዬ ስጪያትና ቀስ ብላ ታንብብልሽ። «ሁለታችንም ደኅና ነን» ብዬ መጀመር ልማዴ ነበር። ዛሬ ደኅንነቱን ለራሴ ብቻ እጽፈዋለሁ፤ የወንድሜን የዱባን ነገር ግን ወደ ታች በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ። አትደንግጪ። ቆሞ ይሄዳል፣ ይሠራል፣ አሁንም መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ካልሲውን እየጠቀመ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ስናገር አንቺ ትቀድሚኝና የነገሩ መጨረሻ ከመጀመሪያው በፊት ስለሚወጣ ነው።

የቡድናችን የመኪና ውድድር ወቅት አልቋል። ቡድን ስል ብዙ ሰው አይምሰልሽ፤ ባለ ጋራዡ፣ ዱባና እኔ ነን። ባለ ጋራዡን «ሻለቃ» እንላቸዋለን። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ነገር ግን የሻይ ማንቆርቆሪያውንም ቢሆን ሳያዝዙት አያልፉም። መኪናዋ አሮጌና ትንሽ ናት፤ የምትወዳደረውም በአነስተኛ ሞተሮች ምድብ ነው። በየውድድሩ ነጥብ ይሰጣል፤ በወቅቱ ማብቂያ ብዙ ነጥብ ያለው የምድቡን ዋንጫ ይወስዳል። አምና ለጥቂት አመለጠን። አባዬ ያኔ በስልክ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ዱባ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ «አባዬ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ዋንጫ ሬዲዮህ ላይ አስቀምጠዋለሁ» እንዳለው ታስታውሻለሽ። የጭነት መኪናው መሪ ፊት ጭኑ ላይ አስቀምጦ መንዳት ያስተማረው አባዬ ነውና ቃሉ ቀልድ አልነበረም።

የዘንድሮው ወቅት የተጀመረው አባዬ ካረፈ በኋላ ነው። «ስንተኛ ወጣ?» የሚል ስልክ ሳይመጣ ተጀምሮ ሳይመጣ አለቀ። መርዶው የደረሰን ቀን ዱባም እኔም ሥራ ገብተን ውለናል። አላለቀስንም። ለምን እንዳላለቀስን አላውቅም፤ በማላውቀው ነገር ላይ አስተያየት መጻፍም አልወድም። ያየሁትን ብቻ ልጽፍ፦ ዱባ በየቀኑ ይላጭ ነበር፣ ጫማውን ይወለውል ነበር፣ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «አለሁ» ይል ነበር። እኔም እንደዚሁ።

አሁን ስለ ክብደት ላስረዳሽ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባሽም። በምድባችን ደንብ መኪናው ከነነጂው ሲመዘን ከተወሰነው ክብደት ማነስ የለበትም። የቀለለ ይፈጥናልና ሁሉም ቡድን ወደ ወሰኑ የቻለውን ያህል ይጠጋል። የእኛ መኪና በተፈጥሮዋ ቀላል ስለሆነች ከመቀመጫው ሥር የእርሳስ ብረት በብሎን እናስርላታለን። የእርሳሱን መጠን የሚወስነው የዱባ ክብደት ነው። ስለዚህ በየውድድሩ ዋዜማ ዱባ ቱታውን፣ ጫማውንና ሄልሜቱን እንዳደረገ ጋራዡ ውስጥ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እኔ አነባለሁ፣ ሻለቃ ያስራሉ። የፋብሪካ ሚዛኖችን ልክነት መፈተሽ እንጀራዬ ስለሆነ በዚህ የሚከራከረኝ የለም።

ዘንድሮ ሚዛኑ ዱባ በወጣበት ቁጥር ያንኑ ክብደት ይናገር ነበር። የሰው ገላ እንዲህ አይረጋም። ሌላ ቦታ ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ቃል የሚናገር ሚዛን ከግድግዳ ተደግፎ የተኛ ዘበኛ ነው ብዬ እጠረጥረው ነበር። እዚህ ግን ደስ አለኝ።

አንቺ ግን አልተታለልሽም። በስልኩ ፊቱን አይተሽ «ልጄ ከስቷል» አልሽኝ። እኔም «እማዬ፣ ባንቺ ዓይን ያልከሳ ሰው መቼ ታየ? በሕይወትሽ አንድ ሰው እንኳ ወፈርህ ብለሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ሳቅሁ፤ ሚዛኑን ምስክር ጠራሁ። ዱባም ከኋላዬ ሆኖ «ዱባ እንዴት ይከሳል?» አለ። አንቺ አልሳቅሽም። ይህን ያን ጊዜ ልብ ብዬዋለሁ፤ ትርጉም ግን አልሰጠሁትም።

የመጨረሻው ውድድር ደረሰ። ከእኛ ጋር የሚፎካከረው አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ከሁለታችን የቀደመ ዋንጫውን ይወስዳል። እኔ ሁልጊዜ ከወሰኑ በላይ ጥቂት መጠባበቂያ ክብደት እተዋለሁ። በዋዜማው ዱባ ተመዝኖ ቱታውን ሊያወልቅ እንደወጣ ሻለቃ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ፈሪ ለእናቱ ነው። ለነገ ብቻ ያችን መጠባበቂያሽን ቀንሺልኝ» አሉኝ። ቁጥሩን አምነዋለሁና ቀነስኩ።

ዱባ አንደኛ ወጣ። የመጨረሻውን ኩርባ ከጥርስ ሐኪሙ ፊት ሆኖ ሲያልፍ ሻለቃ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወርውረው መልሰው አላገኙትም። እኔ ሰዓቱን መዘገብኩ። ከዚያ እንደ ደንቡ መኪናዋ ዱባ እንደተቀመጠባት ወደ አዘጋጆቹ ሚዛን ተገፋች። የውድድሩ ተቆጣጣሪ ቁጥሩን አየችና «ቆዩኝ፣ እንደገና» አለች። እንደገና መዘነች። ከወሰኑ በታች ነበር።

ሻለቃ ጮኹ። «ሚዛናችሁ ተንጋዷል! ይቺ ልጅ የለካችው አይሳሳትም፤ ነይ ንገሪያቸው!» አሉ። ተቆጣጣሪዋም ቀና ሰው ናትና እንድፈትሸው ፈቀደችልኝ። ተንበርክኬ ወለሉን አየሁ፣ ማኅተሙን አየሁ፣ ባዶውን ወደ ዜሮ መመለሱን አየሁ። ከዚያ ተነሥቼ «ሚዛኑ ትክክል ነው» አልኩ። ሻለቃ «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አሉኝ። ውጤታችን ተሰረዘ፤ ዋንጫውም ወደ ጥርስ ሐኪሙ ሄደ።

ዱባ ከመኪናዋ ሲወርድ ነው ያየሁት። ቱታውን ከወገቡ በላይ ሲያወልቅ ሌላ ሰው ከውስጡ የወጣ መሰለኝ። ሁሉ ሰው ከተበተነ በኋላ የጎማዎቹ ክምር ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ጎማ ሲመጣጠን ቸርኬው ላይ የሚለጠፈውን እርሳስ ከጋራዡ እየወሰደ፣ በመመዘኛችን ቀን ከቱታው ሥር ደረቱ ላይ ይለጥፈው ነበር። በምሳ ሰዓት ብቻውን ሚዛኑ ላይ ወጥቶ የድሮ ክብደቱ እስኪመጣ ድረስ ይጨምራል። ራሱን እንደ ጎማ አመጣጥኖ ነው ፊቴ ይቆም የነበረው። በውድድር ቀን በገላ ላይ ብረት መያዝ ክልክል ስለሆነ ያነሣዋል፤ የጎደለውን የእኔ መጠባበቂያ ይሸፍንለታል ብሎ ያስብ ነበር፤ ሲሸፍንለትም ከርሟል። የመጨረሻውን ቀን መቀነሴን አልሰማም።

«ለምን?» አልኩት። «መክሳቴን ካወቅሽ ለእማዬ ትነግሪያታለሽ፤ እማዬ በአንድ ዓመት ሁለት ሐዘን አትችልም» አለኝ። ቀጥሎም «በቃ እታለም፣ ዱባው ቅል ሆነልሽ» አለና ሊስቅ ሞከረ። እኔ የሚዛኑን ገመድ መጠቅለል ቀጠልኩ። እጄ ሥራውን ያውቃል። ስለ ዋንጫው ምንም አልተሰማኝም፤ ስለ ዱባም በዚያ ሰዓት ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምጽፍልሽ እውነት ስለሆነ ነው።

ኋላ ላይ የጥርስ ሐኪሙ ዋንጫውን እንደታቀፈ መጣና ለዱባ እጁን ሰጥቶ «በሚዛን እንጂ በመንገድ አላሸነፍኩህም» አለው። ሻለቃ «ዋንጫውንም አስመዝነው፤ ሳያንስ አይቀርም» አሉት። የሳቀው የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነበር። ሻለቃ ለእኔ ለጥቂት ቀን ኩርፊያቸውን ካሳዩኝ በኋላ ሾርባ በድስት ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ፤ ዱባን «ይህን ካልጨረስክ መኪናዋን በኪሎ ለብረት ገዢ እሸጣታለሁ» ብለው ከበሩ ተመለሱ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ። ደሙን መረመረ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ በሽታ አላገኘም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለው ዱባ «ከአባቴ ወዲህ። እህል አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድልኝም» አለ። እኔ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እኖራለሁ።

አሁን እራት አብረን እንበላለን። በየሳምንቱ ያለ ቱታና ያለ ጫማ እመዝነዋለሁ። ባለፈው ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ጭማሪው ግን ሚዛኑ ሊሳሳት ከሚችልበት መጠን አይበልጥምና «ጨምሯል» ልልሽ አልችልም። አልቀነሰም ማለት ግን እችላለሁ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እሑድ ስንደውል ፊቱን አይተሽ የታየሽን ሳትደብቂ ተናገሪ። ከሳህ ካልሽው አልስቅም፤ ሚዛንም ምስክር አልጠራም። አንድ ቀን አንቺ በራስሽ አፍ «ወፈርህ» እስክትይው ድረስ፣ ቁጥሩ ምንም ቢል ድኗል ብዬ አልጽፍም።

እትዬን በብዙ ሰላም በይልኝ፤ የላከችው ሹራብ ለዱባ ሰፍቶታል፣ አታጥብበው። ባለቤቷን፣ ትልቋን ልጅና ያን የማይቀመጠውን ትንሹን ሳሚልኝ። ለአጎቴ ሳሉን በቸልታ እንዳያየው ንገሪው። ሻለቃም «እናታችሁን እጅ እነሣለሁ በሉልኝ» ብለዋል። «ለአባዬም» ብዬ ከልማድ ጽፌ ነበር፤ ልሰርዘው ብዕሩን አነሣሁና ተውኩት። ስለሚጠይቅ ይኸው፦ አንደኛ ወጣ፤ ከዚያ ተሰረዘ።

አክባሪሽ ልጅሽ

ከዱባ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፲፩ ቀን