ያደረ ውኃ

ፍኖተ ሰላም፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ዓሣዎቼ ከውኃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አገኘኋቸው። ትናንት የመስታወት ገንዳቸውን ሳጸዳ፣ ክሎር ያለበትን የቧንቧ ውኃ ሳላሳድር ሞልቼባቸው ኖሯል። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ! አፈርሁ።

ትናንት ከቋሪት ሊጠይቁኝ የመጡት አባቴ፣ «ያደረ ውኃ የለሽም?» አሉኝ። በርሜሉ ውስጥ ሦስት ቀን የቆየ ነበር።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ አባባ» ብላቸው፣ «እንስሳ እየታፈነ ምን መቀመጥ አለ?» ብለው ባልዲውን አነሡ። እኔ ከገንዳው እያጎደልሁ፣ እሳቸው ከበርሜሉ እየቀዱ፣ ውኃውን ቀስ በቀስ ተካነው።

ከሰዓት በኋላ ዓሣዎቹ ወደ ታች ወርደው ምግባቸውን ለቀሙ። አንዷ ብቻ ጥግ ይዛ ቀረች።

አባቴ ሁልጊዜ «ከብቶቼን» እያሉ በማግሥቱ ነው የሚሄዱት። ዛሬ ግን ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አስጠግተው፣ «የዚችን ነገር ሳላይ አልሄድም» አሉ።

ትዳንልኝ። ለመዳን ግን አትቸኩል።