ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤትና የሰጠሁት ቃል

ለምወድሽ እህቴ ለዓይናለም፣

እንደምን ከርመሻል? የኩዌት ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ያ የወገብ ሕመምሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከሐሳብ በቀር ጤነኛ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድማችን ሙሉሰውም ዳባት ላይ ከነቤተሰቡ ደኅና ነው። እናታችን ከአጠገቤ ስለማትለይ በስልክ የማልነግርሽን ጽፌ፣ ወደ አንቺ ዘንድ በምትመለሰው በጦይባ እጅ ልኬልሻለሁ።

ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ቁስቋም ባለችው ክፍሌ ነበርን። ግራ እጇና እግሯ አይታዘዙላትም፤ ሽንቷንም መያዝ አቅቷታል። ግቢው የጋራ፣ የልብስ ገመዱም ተከራይ ሁሉ የሚያየው ነው። አንሶላዋን ላጥብ ብል «ወንድ ልጄ የእኔን ጉድ ሊያጥብ? ምነው ይህን ቀን ባላየሁ!» ብላ አለቀሰች። ሠራተኛ ብቀጥርም አላስነካ አለች። ኋላ ብከታተላት ለካ አንሶላው እንዳይረጥብ ብላ ውኃ መጠጣት ትታለች። ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠለች ኩላሊቷ አይተርፍም» አለኝ።

የማክሰኝት ገበያዬን ትቼ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። በአዘዞ መንገድ ከአንድ ፎቅ ሥር፣ ማጠቢያ ማሽን መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የተተከለለት ምድር ቤት አገኘሁ። ውኃ ቢጠፋ ሮቶ አለው። ባለቤቷ እትዬ የትነበርሽ ግን እናታችንን ከባጃጅ ደግፌ ሳወርዳት ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ክንዱ፣ አትቀየመኝ። ክፉ ቀን ቢመጣ ድንኳኑን የት ልትተክለው ነው? ደጄ ላይ ሙሾ ከተወረደ ማን ይከራየኛል?» አሉኝ። አልተቆጣሁም፤ ሥጋቱን በግልጽ ከሚናገር ሰው ጋር መገበያየት ይቀላል። መልስ ሳዘጋጅ እናታችን ቀደመችኝ። «እሜቴ፣ እኔ የመጣሁት ልብሴን ላጥብ እንጂ ልሞት አይደለም። የምሞተው አገሬ ገብቼ፣ ከባሌ መቃብር ጎን ነው። ቢብስብኝ በዚያው ቀን ዳባት ያደርሰኛል። በል አንተ፣ ቃልህን ስጣቸው!» አለች። ሴትዮዋ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ቁልፉ በእጃቸው ነበር። ቃሌን ሰጠሁ።

አሁን ማሽኑን ራሷ ትሞላዋለች። ወንበር አስጠግቼላት እወጣለሁ፤ በሩን ዘግታ አንሶላዋን በደኅናው እጇ ትከታለች። የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን አንቺ በስልክ ያሳየሽኝን አስተማርኋት። ስትጨርስ ትጠራኛለች፤ የማሰጣው ንጹሑን ብቻ ነው። ውኃም «ድገመኝ» ማለት ጀምራለች።

ሐኪሙ ግን «ቢብስባት ፈጥነህ ወደዚህ አምጣት እንጂ ወደ ገጠር እንዳትወስዳት» ብሎኛል። የዳባት መንገድ ደግሞ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። ቃሌን ብጠብቅ መንገድ ላይ እጄ ውስጥ ልትቀር ነው። ባፈርሰው እትዬ የትነበርሽ ለቅሶውን ፈርተው ያስለቅቁናል፤ እሷም ፊቷን ታዞርብኛለች። ቤት ሌላ ይገኛል። እኔ ወደ ሆስፒታሉ ልወስዳት ቆርጫለሁ።

ያን ቀን ደውላልሽ «ልጄ ቃሉን በላ» ብላ ታለቅሳለች። «ያዘዝሁት እኔ ነኝ» በያት። እኔን እስከ መጨረሻው ትቀየመኝ ይሆናል፤ አንቺን ተቀይማ ግን አታድርም። ከተስማማሽ ስትደውይ «እሺ» ብቻ በይኝ፣ ይገባኛል።

እናታችን ሁለት ጉንጭሽን ትስማለች። ሙሉሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ ናፍቆታቸው ብዙ ነው። አብራሽ ያለችውን ጓደኛሽን ሚስጥርን በእኔ ስም ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ክንዱ
ጎንደር፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.