ስለ ቀረፋ ድልድይ ሆቴል መለኪያ እንጨትና ስለ ልጄ እግሮች

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ ዡዋንግ
ቀረፋ ድልድይ ሆቴል

ጉዳዩ፦ አራት ሳንቲ ሜትር ስለ መጉደል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና አምፖሎቹ ቀን ሲበሩ ለሚውሉበት ለዚያ ሰፊ አዳራሽዎ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? በአዲስ ዓመት የሠራተኛ ቤተሰቦች ግብዣ ላይ ቀበቶዎን ላላ ለማድረግ ሲቸገሩ አይቼ፣ በማግስቱ ወደ ምሕረት እናት ቤተ መቅደስ ስሄድ ስለ ወገብዎ አንድ ጊዜ ሰግጃለሁ። ተሽሎዎት ከሆነ ምስጋናው የእርሷ ነው።

እኔ ፋን ሹሼንግ እባላለሁ። ከሆቴልዎ ኩሽና ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ የምኖር፣ ከሻይ ማሸጊያ ፋብሪካ በጡረታ የወጣሁ፣ ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ከአንዲት ልጄ ጋር የቀረሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ ያልተስተካከለ ነገር ቢያገኙ፣ ሰውን ማስተካከል ሥራዎ ስለሆነ እንዳይቸገሩበት እለምናለሁ። ልጄ ፋን ሩዪ ስምንት ዓመት በእንግዳ መቀበያዎ ቆማለች። «ቆማለች» ያልኩት እንደ እኔ ዕውቀት ነው፤ በመሥሪያ ቤትዎ መለኪያ ገና አልቆመችም ይሆናል።

አቤቱታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የመቀበያ ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ሲሆን ፈተና አወጡ፤ ልጄም ከሁሉ በልጣ አለፈች። ከዚያ በሠራተኛ አስተዳደር በር አጠገብ ወደቆመው መለኪያ እንጨት ተጠራች። የአስተዳደሩ ኃላፊ ወይዘሮ ኬ በጣም ደግ ሴት ናቸው። «ሩዪ የኔ ቆንጆ፣ ጫማሽን አውልቂ» አሏት፤ አወለቀች። «ፀጉርሽን ጫን አድርጊው፣ ፀጉር አይቆጠርም» አሏት፤ ጫነችው። ከዚያም «ለኃላፊነት አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት ነው፣ አራት ጎደለሽ። ምን ላድርግሽ እህቴ፣ እኔ አልፈጠርኩሽ» ብለው አሰናበቷት። ወይዘሮ ኬ ሰው እንደማይፈጥሩ በይፋ ስለ አረጋገጡልን አመሰግናለሁ፤ ከአነጋገራቸው የተነሣ አንዳንድ ሠራተኞች ተጠራጥረው ነበርና።

ሁለተኛ። ቦታው ለወጣቱ ጂያንግ ዪ ተሰጠ። ለኃላፊነቱ ከሚከፈለው ሌላ ደግሞ፣ በር ላይ ቆሞ ለሚታይ ረጅም ሰው ሁሉ የሚታሰበው «የቁመና አበል» ታከለለት። በልጁ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ትሑት ነው፤ እናቱም በቤተ መቅደሱ ከእኔ ኋላ ትሰግዳለች። ነገር ግን በተሾመ በሳምንቱ ወደ ልጄ ደውሎ፣ «ሩዪ እህቴ፣ የአምስተኛው ፎቅ ሰውዬ ቁልፉ አልከፍትለት ብሎ እየጮኸብኝ ነው፣ ምን ልበለው?» አላት።

«መጀመሪያ ጎንበስ በልለት» አለችው።

«ጎንበስ ብያለሁ።»

«ወንድሜ፣ አንተ ጎንበስ ስትል ገና እኛ ቆመን የምንታይበት ጋ ነው የምትደርሰው። ጨምር።»

ጨመረ፤ ሰውየውም ዝም አለ። እኔ ይህን ስሰማ የገባኝ ነገር ቢኖር የእንግዳ መቀበያ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ መጎንበስ መሆኑ ነው። ክቡርነትዎ ታዲያ ለሚጎነበስበት ሥራ የሚረዝም ሰው ፈልገው፣ ለርዝመቱ ከፍለው፣ ከዚያ እንዲያጥር ያዝዙታል። ይህን የመሰለ ጥበብ በስድስተኛ ክፍል አይሰጥም ነበር።

ሦስተኛ። ልጄን ከመቀበያው አንሥተው መስኮት በሌለው የኋላ ክፍል ስልክ እንድታነሣ አደረጉ። «ስልክ ላይ ቁመት አይታይም» ብለው አጽናኗት። እውነት ነው፤ አይታይም። ደመወዟ ሲቀነስ ግን ታየ።

በዚያ ሰሞን የሻይ ነጋዴዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ ሽማግሌው ሚስተር ቼ፣ ለዓመታዊ ግብዣቸው ስንት ጊዜ ደውለው ከልጄ ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው በአካል መጡ። «ያቺ ስልክ ላይ የምታናግረኝ ረጅሟ ልጅ የት አለች?» አሉ። ድምፅዋ ረጅም አስመስሏት ነበር መሰለኝ። በር ላይ ካሉት ውስጥ በጣም ረጅሟን አቀረቡላቸው። ልጅቱ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው «ይቺ አይደለችም፣ ይቺ ሻይና ቡና ትለያለች ወይ?» ብለው ሳቁ። ሩዪን ግን ከኋላ ክፍል የጠራት አልነበረም። ለክብርዎ ሲባል ነው፤ አውቃለሁ።

አራተኛ፣ በአጭሩ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ሴትዮ ከእንግዶች ዓይን እንድትርቅ የተደረገችው የደንብ ልብሱ ሆዷ ላይ አልዘጋ ስላለ ነው። የእርስዎም ቀበቶ ሆድዎ ላይ ጠብቦ አይቻለሁ። የእርስዎን ግን «ግርማ ሞገስ» ይሉታል።

አምስተኛ። በቁርስ ቤትዎ በር ላይ ግድግዳው ላይ የተሳለች ቀጭኔ አለች። ጭንቅላቱ ከቀጭኔዋ ጉልበት በታች የሆነ ሕፃን በነጻ ይበላል። እናቶች ልጆቻቸውን «እጠፍ፣ እጠፍ ጉልበትህን» እያሉ በዚያ ሲያልፉ ሩዪ አይታ እንዳላየች ታሳልፋቸው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሕፃን ከቀጭኔዋ ሥር እየተጎተተ፣ «አክስቴ፣ አንቺስ በነጻ ትበያለሽ?» ሲላት እስከ ማታ ድረስ ስትስቅ ዋለች። ያን ጊዜ ትስቅ ነበር። ከእንጨቱ ወዲህ ግን ያንን ሕፃን ስታነሣው አልሰማሁም። በቤትዎ ሰው እስከ ቀጭኔዋ ጉልበት ድረስ ምሕረት ያገኛል፤ ከዚያ በላይ፣ ከእንጨቱ በታች የተገኘ፣ ዕድሜውን ሙሉ ይከፍላል።

ስድስተኛ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዚህ ነው።

ልጄ ከዋናው ከተማ ሐኪም ቤት አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዛ መጣች። የእግርን አጥንት ከጉልበት በታች ይሰብራሉ፤ ብረት ያስገቡበታል፤ በየቀኑ ብረቱን በቁልፍ እያዞሩ አጥንቱን ይለጥጡታል። ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት ትስቃለች። ከወገብ በላይ ብቻ ነው የተነሣችው።

«ሩዪ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አራት ሳንቲ ሜትር ነው፣ አባዬ።»

«ከዚያ በኋላ መሄድ ቢያቅትሽስ?»

«አሁንስ የት እየሄድኩ ነው?» አለችኝ።

ለሠርጓ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለዚህ ልታውለው ነው፤ ቀጠሮዋ ከመቃብር መጥረጊያው በዓል በኋላ ነው። በበዓሉ አብረን የእናቷን መቃብር ስንጠርግ፣ ሩዪ ሣሩን ለመንቀል ቁጢጥ ስትል እግሮቿን አየሁ። የሚስቴ የዩላን እግሮች ናቸው። ዩላንም አጭር ነበረች፤ ልብስ ስታጥብ እንዲሁ ነበር ቁጢጥ የምትለው። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ እንጨት ጉድለት ብሎ የቆጠረው እኔ ከሚስቴ የቀረኝን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎቴ ተበላሽቷል። ትራሱ ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን ወደ ወለሉ ሳወርድ ከፊቴ የማገኘው እርስዎን ነው። ቁጣዬን አስቀምጬ ለመስገድ ሞክሬ አልሆነልኝም። እውነት ስለ ልጄ ነው የተቆጣሁት ወይስ በሰፈሩ ፊት ስለ ተዋረድኩ ብዬ ራሴን መረመርኩ፤ ሁለቱም አለበት። አንድ ነገር ግን በዚያ ወለል ላይ ተረዳሁ። ግንባራችን መሬት ሲነካ የጂያንግ ዪ እናት፣ ከጎኔ የሚሰግደው የባንክ ሹምና እኔ እኩል ነን። እንጨትዎን ወደዚያ ቢያመጡት የሚለካው ሰው አያገኝም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ ልጄን ያስጠሯትና፣ በሠራችው እንደምትመዘን በራስዎ አንደበት ይንገሯት። አጥንት ከተሰበረ በኋላ የሚመጣ ሹመት አልፈልግላትም። ይህን ለማለት ከወንበርዎ መነሣት እንኳ አያስፈልግዎትም፤ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ቁመቱ አይጠየቅም።

ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ሊሰጡኝ ይችሉ ስለ ነበር አመሰግናለሁ። ሆቴልዎ ከፍ ከፍ ይበል፤ ጣሪያው ግን ለረጃጅሞቹ እንዳያንስ።

እስከ ወለሉ ድረስ በመጎንበስ፣
ፋን ሹሼንግ
ከኩሽናዎ ጀርባ

ግልባጭ፦
ለድልድዩ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወይዘሮ ኬ
ለሟች ባለቤቴ ለዩላን

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ከሳምንታት በኋላ።

ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ከመለጠፌ በፊት ለልጄ አነበብኩላት። የወገብዎን ነገር እንድሰርዝ ጠየቀችኝ፤ «አባዬ፣ በሰው አካል አይቀለድም» ብላ። እምቢ ብዬ እንዳለ ተውኩት፤ እርሷ ከእኔ ትሻላለች። ስለ እናቷ እግሮች የጻፍኩት ጋ ስደርስ ግን ደግመህ አንብብልኝ አለች። ደገምኩላት። የሐኪም ቤቱን ወረቀት አጣጥፋ በሚወዛወዘው ጠረጴዛችን እግር ሥር ወተፈችው። አሁን ጠረጴዛው ቆሟል፤ እንግዲህ ወረቀቱ አንድ እግር አስረዝሟል ማለት ነው።

በማግስቱ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው የእንግዳ ማረፊያ ሄዳ ሥራ ጠየቀች። ሳትጠየቅ ቁመቷን ብትናገር ባለቤቲቱ ምን ቢሏት ጥሩ ነው፦ «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው እንግዳ የሚቀበል ነው እንጂ አምፖል የሚቀይር አይደለም።» ሚስተር ቼም በእርስዎ ስልክ ሌላ ድምፅ ሲሰሙ የት እንደሄደች ጠይቀው፣ የሻይ ነጋዴዎቹን ግብዣ ወደ ማዶ አዛውረውታል። ጂያንግ ዪም አሁን የሚደውለው ወደ ማዶ ነው።

ልጄ መልቀቂያዋን አስገብታ ስትወጣ በአስተዳደሩ በር፣ በመለኪያው እንጨት አጠገብ አለፈች። ጫማሽን አውልቂ ያላት የለም። ከእርስዎ ቤት ለመውጣት ለካ ቁመት አይጠየቅም።